ለምራት የተቀመጠው ክንድ

እኔ ንዴታም ሴት ነኝ። አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ ከሰው አፍ እንዳትሰሙት ነው፤ በፌንግ መንደር ስሜን የሚያነሳ ሁሉ ከስሜ ቀድሞ ንዴቴን ነው የሚያነሳው። አማቴ ሽማግሌው ፌንግም ይህንኑ ነበር የሚሉኝ። እኔንና ሮንግሜይን በአንድ ግቢ አቁመው ታይቺ የሚባለውን የትግል ጥበብ ሲያስተምሩን እሷ ተማረች፣ እኔ ተናደድኩ። እሷ የታላቁ ልጃቸው ሚስት ነበረች፣ እኔ የታናሹ። የማወራችሁ ስለ እሷ ነው።

በመንደራችን እንቅስቃሴውን የማያውቅ የለም። ሕፃን ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት አውድማው ላይ ወጥቶ ሲዞር ነው የሚታየው፤ እሱ ምስጢር አይደለም። ምስጢሩ የክንዱ ነገር ነው። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ክንድ ለክንድ ይነካካል፤ አንዱ ይገፋል፣ ሌላው ይለቃል፣ እንዲህ እያዞሩ ይውላሉ። ያ በዓይን አይታይም፣ በአፍም አይነገርም። ከሚያውቅ ሰው ቆዳ ወደማያውቅ ሰው ቆዳ ነው የሚያልፈው። እሱን ደግሞ እያንዳንዱ ቤት ለራሱ ይዞታል። ለወንድ ልጅ ይሰጣል፣ ለምራትም ይሰጣል፤ ምራት ገቢ ናትና። ለሴት ልጅ ግን አይሰጥም፤ ነገ አግብታ ለሰው ቤት ይዛው ትሄዳለች ይባላል። እኔ ከሦስት መንደር ማዶ የመጣሁት ደረቅ ሴትዮ ስማር፣ ከአብራካቸው የወጣችው ልጅ በር ይዘጋባታል። ሙት ወቃሽ አያርገኝ እንጂ፣ እንዲህ ያለውን ደንብ ያወጣው ሰው ሴት ልጅ ያልወለደ መሆን አለበት።

«ክንድሽን ስጪኝ» ይሉኛል ሽማግሌው። እሰጣለሁ።

«ይሄ ክንድ ነው የአካፋ እጀታ?»

«ክንድ ነው አባባ።»

«ልቀቂዋ!»

«ለቅቄዋለሁ እኮ።»

«አልለቀቅሽም። ትናንት ባልሽ ያበሸቀሽን ነገር ትከሻሽ ላይ ተሸክመሽው መጥተሻል።»

እውነታቸውን ነው፣ ተሸክሜው መጥቼ ነበር። ግን እንዲህ ሲባል ማን ይለቃል? ይብሳል እንጂ!

ሮንግሜይን እዩልኝ። ክንዷን ሲያነሱት ክብደቱ በሙሉ እጃቸው ላይ ይወድቃል፣ እንደራሰ ጋቢ። ሲገፏት የሚገፋ ነገር ያጣሉ። ትከሻዋ ይሄዳል፣ ወገቧ ይዞራል፣ ተረከዟ ግን ከመሬቱ አይላቀቅም። ኋላ ከታች የሆነ ነገር ይመጣና ሽማግሌው ግድግዳው ዘንድ ቆመው ይገኛሉ። ፊቷን ብታዩት ባቄላ የምትለቅም ነው የሚመስላችሁ።

አንድ ቀን ቢገርመኝ ጊዜ ጠየቅኳቸው። «አባባ፣ እሷ እኮ ሁለት ባልዲ ውሃ ማንሳት አትችልም፤ ጉልበቱ ከየት ነው የሚመጣው?»

«የጉልበት ያለህ ስለማትል ነዋ» አሉኝ። «ወንድ በጡንቻው ይመካል፣ ስለዚህ አይለቅም። እሱን ሳስተምር ዕድሜዬን የምጨርሰው ጉልበቱን ላስረሳው ነው። ሴት ግን የምትመካበት ጡንቻ የላትም። አንዴ ከለቀቀች መሬቱ ይሸከማታል፣ የመጣባት ሰው የሚታገለው ከመሬቱ ጋር ነው።»

«እኔስ? እኔ ሴት አይደለሁ?»

«አንቺ በምላስሽ ትመኪያለሽ» ብለው ሳቁብኝ። እርፍ!

ከሁሉ የማልረሳው ያ የትግል ቡድን ሰውዬ የመጣ ጊዜ የሆነውን ነው። ከአውራጃው ከተማ የመጣ ነው፤ አንገቱ ከጭንቅላቱ ይሰፋል። ሽማግሌው ደረታቸውን ታመው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። «ከእርስዎ ጋር ክንድ ልነካካ ነው የመጣሁት» አላቸው። ሽማግሌው ወደ ማዕድ ቤቱ በአገጫቸው ጠቆሙና «ምራቴ ትበቃሃለች» አሉት። ሰውዬው ሳቀ። ሮንግሜይ ሊጥ እያቦካች ነበርና እጇ ሊጥ እንደያዘ ወጣች።

«ወንድሜ፣ እጄ ሊጥ ነው፣ ልብስህን አበላሽብሃለሁ» አለችው።

«ግድ የለም እህቴ፣ ቶሎ ነው የምንጨርሰው።»

ቶሎ ጨረሱ። ያ ሁሉ ሥጋ ሲገፋት አየሁ፣ እሷ እንደ በር ተከፈተች፣ ቀጥሎ ሰውዬው ልናደርቀው ያሰጣነው ነጭ ሽንኩርት ላይ በቂጡ ተቀምጧል። ደረቱ ላይ የሊጥ እጅ ታትሟል። ሮንግሜይ ደንግጣ «ተጎዳህ እንዴ?» እያለች ልታነሳው ጎንበስ አለች። እኔ እንዴት እንደሳቅኩ! ሽማግሌውም ሳል እስኪያፍናቸው ሳቁ።

ያን ቀን ያየሁት ሌላም ነገር አለ። የሮንግሜይ ልጅ ማይሱይ፣ ገና ጥርሷን የምትቀይር፣ በሩ ላይ ቆማ የእናቷን ወገብ ትደግማለች። እናቷ እንዳደረገችው ዞረች፣ ክንዷን ለቀቀችው፣ ወደቀላት። ዓመት ሙሉ ለምነውኝ እኔ እምቢ ያለኝን ልጅቷ ማንም ሳያዛት አደረገችው። ሽማግሌውም አይተዋታል። አዩና ፊታቸውን ወደ ፀሐይ መለሱ።

ሊሞቱ ሲሉ ሮንግሜይን አስጠሯት። ባሏን የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ በልቶት እሷ መበለት ሆና ነበር፣ ከወንድ የቀራት ልጇ ጂያንጋንግ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ታይቺ ሲባል የሚሸሽ ልጅ ነው። ሽማግሌው እጇን ይዘው «ክንዱን ለጂያንጋንግ ሚስት ስጪልኝ፣ ጥበቡ ከቤት እንዳይወጣ» አሏት። ማለች። ያቺ ሴት ከማለች ማለች ነው፤ ጡንቻዋ ይላላ እንጂ ቃሏ አይላላም።

ጂያንጋንግ ወደ ደቡብ ፋብሪካ ሄደ፣ ሚስት የለ፣ ምን የለ። ማይሱይ አደገች። ጠዋት አውድማው ላይ ስትወጣ መምህራኑ ሳይቀሩ ቆመው ያዩዋታል፤ እንቅስቃሴዋ የሚያምር ነው። ግን ክንድ የነካካት የለም። ልጅቷ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እናቷ አንዴ ክንዷን እንድትሰጣት።

«እማዬ፣ አንዴ ብቻ።»

«ለወንድምሽ ሚስት ነው።»

«ወንድሜ እኮ ሚስት የለውም!»

«ይኖረዋል።»

«ካልኖረውስ?»

«አንቺ ልጅ፣ ተይኝ።»

ቆሽቴ እያረረ ገባሁበት። «እትዬ፣ ላልመጣች ምራት ብለሽ የወለድሻትን ታስርቢያለሽ?» አልኳት።

«ለሟች ቃል ሰጥቻለሁ» አለችኝ።

«ሟች ምን ያደርግሻል? ተነስቶ ሊገፋሽ ነው?»

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አየሁባት። ልጇን አታቅፍም። ፀጉሯን የምታበጥርላት ከኋላዋ ቆማ ነው፣ ዕቃ የምታቀብላት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ነው። ክንዷ የልጇን ክንድ ከነካ ሳታስበው ይናገርባታል ብላ ፈርታ ነው። እናት ልጇን እንደ ሌባ ስትጠነቀቅ ዓይኔ አየ፤ አንጀቴን በላችው።

ማይሱይ ወንዝ ማዶ ላለ አሳማ አርቢ ተዳረች። እንደ አገሩ ልማድ ያገባች ልጅ በአዲስ ዓመት ሁለተኛ ቀን ወላጆቿ ቤት ትመጣለች፣ እሷም ሥጋና መጠጧን ይዛ ትመጣ ነበር። በመጣች ቁጥር እናቷን ትጠይቃታለች፣ እናቷም ያንኑ ትመልስላታለች። ኋላ መጠየቁን ተወችው። ስትጠይቅ ነበር የሚያመኝ ብዬ ነበር፤ ስትተወው ባሰ።

ከዚያ ነው የሮንግሜይ ቀኝ እጅ ስትሄድ መወዛወዙን የተወው። ከጎኗ ተጣብቆ ይቀራል። ቀጥሎ ትንሿ ጣቷ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ቀጥሎ ትከሻዋ ደረቀ። ሌላ አገር ቢሆን ሰው ታመመች ይላል አይደል? እኛ ዘንድ እንዲህ አይባልም። እኛ ዘንድ ደረቅክ ማለት አልለቀቅክም ማለት ነው፣ መድኃኒቱም መቆም ነው። የመንደሩ መምህራን ተራ በተራ መጥተው አዩዋት፣ ትከሻዋን ነካክተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልብሽ ላይ የያዝሽው ነገር አለ። እሱን ካልለቀቅሽ ትከሻሽም አይለቅም» አሏት። እሷም አመነች። የሆነ ነገር እንደያዘች ደግሞ እሷ ታውቃለች።

ስለዚህ ግቢያችን ባለው የፍራፍሬ ዛፍ ሥር ጉልበቷን ሰበር፣ እጆቿን ከፍ አድርጋ መቆም ጀመረች። ጠዋት ትቆማለች፣ ከሰዓት ትቆማለች። ሲደርቅባት ሰነፍኩ ብላ ትጨምራለች። ስንዴው ሁለት ጊዜ ታጨደ፣ ያቺ ሴት ቆማለች። ሐኪም ቤት ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ፍሬው ራሷ ላይ እየወደቀ እንኳ አትንቀሳቀስም፣ እኛም የትዕግሥቷን ብዛት እናደንቅ ነበር። አይ እኛ!

አንድ ጠዋት አውድማው ላይ በግንባሯ ወደቀች። ስትወድቅ እጇን እንኳ አልዘረጋችም። አስቡት፤ ማንም ሊጥላት ያልቻላት ሴት! ያኔ ጂያንጋንግ መጥቶ ከተማ ሐኪም ቤት ወሰዳት፣ እኔም አብሬ ሄድኩ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ክንዷን አጥፋ ዘረጋችው፣ ስትራመድ አየቻት፣ ከዚያ ፓርኪንሰን ነው አለች፤ የአንጎል በሽታ ነው፣ እያደር የሚያደርቅ።

ሮንግሜይ በጥሞና ሰማቻትና «ዶክተር፣ ልምምዴን ባበዛ አይለቀኝም?» አለቻት።

«አይ እናቴ፣ ልምምድ ጥሩ ነው፣ ግን ይሄ እርስዎ ስላልለቀቁ የመጣ አይደለም። የእርስዎ ጥፋት የለበትም። ምነው ቀደም ብለው በመጡ።»

ስንወጣ ሮንግሜይ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። «ጥፋቴ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ጥፋት ይታረማል» አለች። እኔ ሰው መሐል የማላለቅስ ሴት፣ ሻርፔን አፌ ውስጥ ወተፍኩ።

ክኒን ሰጧት። ክኒኑ ሲሠራ ለጥቂት ጊዜ ይለቃታል፣ ከዚያ ይመለስባታል። እየቆየ የሚለቃትም ጊዜ እያጠረ ሄደ።

ልክ በዚህ መሐል ጂያንጋንግ ሚስት አመጣ። አትሉም! ለአዲስ ዓመት ይዟት መጣ፤ ዋንዪ ትባላለች፣ ስልክ የሚገጣጠምበት ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ክፉ ብትሆን ለመጥላት ይመቸኝ ነበር። ሮንግሜይ በሁለተኛው ቀን ክኒኗን አስልታ ዋጠች፣ ጠበቀች፣ እጇ ሲላላ ምራቷን ግቢው መሐል ጠራቻት።

ማይሱይ ለበዓሉ መጥታ ማዕድ ቤት ከእኔ ጋር ጎመን የተሞላ ሊጥ እየጠቀለለች ነበር። ከበሩ ሆና ሁሉንም አየች።

«ክንድሽን ስጪኝ ልጄ» አለች ሮንግሜይ። ዋንዪ ሰጠቻት። ሲነካኩ ልጅቷ እንደ ሕፃን ተንከተከተች። «እማማ፣ እየኮረኮሩኝ ነው!»

«ግድ የለም፣ ሳቂ። አሁን ልቀቂው።»

«ምኑን ነው የምለቀው?»

ጂያንጋንግ ከወንበሩ ሆኖ «እማዬ፣ አሁን በስንተኛው ዘመን ነው ሰው በክንድ የሚጣላው?» አለ። ዋንዪ ቆጣ አለችውና በደንብ ሞከረች፣ ላብ እስኪያጠምቃት ሞከረች። በመጨረሻ የሮንግሜይን እጅ በሁለት እጇ ያዘችና «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ከጠዋት እስከ ማታ ብሎን ሳጠብቅ ነው የምውለው፣ እዚህ ውስጥ ምንም አይሰማኝም። ለምን ለማይሱይ አይሰጧትም? ለእኔ ከሆነ እኔ ሰጥቻታለሁ» አለች።

እዩልኝ! ያን ሁሉ ዘመን ቤቱን ያነቀውን ነገር አንዲት የፋብሪካ ልጅ በአንድ ቃል ለቀቀችው። ዞር ብዬ ማይሱይን አየኋት። እጇ ውስጥ ያለው ሊጥ ተጨፍልቆ ጎመኑ በጣቶቿ መሐል ወጥቷል። እጇን ታጠበችና «አውቶብስ ያመልጠኛል» ብላ ሳትበላ ሄደች። እናቷ ልትከተላት ተነሳች፤ ክኒኑ አልቆ ነበርና እግሯ ደጃፉ ላይ ተተክሎ ቀረ።

ከበዓሉ በኋላ ሮንግሜይ ጠራችኝ። ድምጿም ያኔ አንሶ ስለነበር ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠጋሁ። «ሂጂና አምጪልኝ» አለችኝ። ማንን ብዬ አልጠየቅኩም።

ወንዙን ተሻግሬ ስደርስ ማይሱይ የአሳማ በረት እየጠረገች ነው። ነገርኳት። መጥረጊያውን ተደገፈች።

«አሁን?» አለች። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ አክስቴ። ምን ተረፈና ነው የምትሰጠኝ?»

«እኔ ምን አውቄ። ነይ ብላለች።»

«ስለምናት ስንት ዓመቴ ነው?»

«አንቺ ልጅ፣ ስደቢኝ ከፈለግሽ፣ ግን ነይ።»

መጣች። ማለዳ ነበር፣ ሮንግሜይን ፀጉሯን አበጥሬ ግቢው ውስጥ አስቀምጫታለሁ። ክኒኗን ሰጠኋትና ሦስታችን እንደ እንግዳ ተያይተን ተቀመጥን። ሲሠራላት ተነሳች። እናትና ልጅ ፊት ለፊት ቆሙ፣ ሮንግሜይ ክንዷን ዘረጋች፣ ማይሱይ የራሷን አስጠጋች። ልጅቷ ከአደገች ወዲህ የእናቷ ክንድ ሲነካት ያ የመጀመሪያዋ ነው።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ክኒኑ ሲያላላት አንገቷንም ትከሻዋንም ያለ ፈቃዷ ያወዛውዛታል፤ ማይሱይ እናቷ እንዳትወድቅ ደግፋ መያዝ ጀመረች።

«አትያዢኝ» አለች ሮንግሜይ። «ልትደግፊኝ አትሞክሪ። ክብደትሽን ስጪኝ።»

ማይሱይ ዓይኗን ጨፈነችና ለቀቀች። የዚያን ጊዜ ሆነ። እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ዓይኔን ሳልነቅል እያየሁ አላየሁትም። የሮንግሜይ ወገብ ትንሽ ዞረ፣ ያ መወዛወዝ ሁሉ ፀጥ አለ፣ ማይሱይ ግድግዳው ሥር መሬት ላይ ተቀምጣለች። አፏን ከፍታ እናቷን ታያለች። ከዚያ መሳቅ ጀመረች፣ ያቺ ትልቅ የአሳማ አርቢ ሚስት እንደ ልጅ ሳቀች። እኔም አጨበጨብኩ።

«ከታች ነው የመጣው!» አለች። «አክስቴ፣ ከታች ነው የመጣው፣ ከእግሯ ሥር! ድገሚልኝ እማዬ፣ ድገሚልኝ!»

ተነስታ ክንዷን ሰጠች። ሮንግሜይ እጇን አነሳች። መሐል መንገድ ላይ ትንሿ ጣቷ መንቀጥቀጥ ጀመረች፣ እጇም እዚያው ቆመ። ማይሱይ ጠበቀች። እኔም ጠበቅኩ። ሁለተኛ ክኒን ጨመርንላት፣ ፀሐይዋ አናታችን ላይ እስክትደርስ ጠበቅን። ክንዱ ደረቀ፣ አልተመለሰም።

ማይሱይ ያን የደረቀ ክንድ በእጆቿ እንደያዘች ፊቷ ቀስ በቀስ ተለወጠ። አልጮኸችም፤ ብትጮኽ በወደድኩ።

«ይሄን ነው እንዴ የነፈግሽኝ?» አለች።

የሮንግሜይ ፊት ከደረቀ ቆይቷል፤ መሳቅም መኮሳተርም አይችልም። እንባው ብቻ በዚያ በማይንቀሳቀስ ፊት ላይ ወረደ። «አዎ» አለች።

እስከ አጨዳው ድረስ ማይሱይ ወንዙን እየተሻገረች ተመላለሰች። ክኒኑን በየሰዓቱ ሞከርነው፣ ሐኪሟም ጨመረችላት፣ ያ ነገር ግን አንድም ቀን አልተመለሰም። አሁን ክንድ መነካካቱን ትተውታል። ማይሱይ ስትመጣ እናቷን ታጥባታለች፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ትዘረጋላታለች፣ ልብሷን ትቀይርላታለች። ባለፈው ጊዜ ልሸኛት ብወጣ በሩ ላይ ቆመች።

«አክስቴ» አለችኝ፣ «ምን እንደሆነ ሳላውቅ ነበር የምለምናት። እንደዚያው ሳላውቅ ብቀር ይሻለኝ ነበር። አሁን ሌሊት ሌሊት እግሬ ሥር ይመጣል፣ ስነሳ የለም።»

አውቶብሷ መጣና ተሳፈረች። እኔም የሮንግሜይ ምሳ ሳይበርድ ላጉርሳት ተመልሼ ገባሁ።